የአያቴን የጁገል ቤት ገስት ሀውስ ላድርገው፤ ግን ሻወሩ የት ይግባ?

የጁገል ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ሐረር ጁገል ውስጥ የአባቴ እናት ቤት አለን። አያቴ ካረፉ ወዲህ ተቆልፎ ነው ያለው፤ ዘንድሮ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። ወንድሞቼ "ይሸጥ" ይላሉ። እኔ ግን ገስት ሀውስ ላደርገው አስቤያለሁ። ጊድር ጋሩ (ዋናው ሳሎን) እንዳለ ነው። ቀይ የተቀቡት አምስቱ ነደባዎች (የመቀመጫ መደቦች)፣ ግድግዳ ውስጥ ያሉት መደርደሪያዎች፣ ከሳሎኑ ጎን ያለችው ትንሽ ክፍል፣ ኪርታቱም ሳይቀር። የቸገረኝ ሻወርና ሽንት ቤት ነው። አንድ ኮንትራክተር "ኪርታቱን ሻወር እናደርገዋለን፣ ግድግዳውንም በሲሚንቶ እንለስነዋለን" አለኝ። ምን ትላላችሁ?

ኖራና ጭቃ፦
እህቴ፣ በናትሽ ሲሚንቶ እንዳታስነኪው! የአደሬ ቤት ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው። የሚስበውን እርጥበት በኖራው በኩል ያስወጣል። በሲሚንቶ ስትደፍኚው ውሃው መውጫ ያጣል። እኔ በገዛ እጄ ያበላሸሁት ቤት አለ፣ የአጎቴን። ልስኑ ሲያልቅ አምሮ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ግን አበጠ፤ በጣቴ መታ መታ ሳደርገው እንደ ባዶ በርሜል ይጮሃል። ቀርፈን ስናየው ከኋላው ያለው ጭቃ ገንፎ ሆኗል። አጎቴ እስካሁን "ኢንጂነሩ" እያለ ይሰድበኛል። ውሃ ያለበትን ነገር ሁሉ ግቢው ውስጥ ለብቻው ሥሪው። እንግዳ ሌሊት አሥር እርምጃ ቢሄድ ምንም አይሆንም።

የስድስት ኪሎው፦
ገነተ ልዑልን አይተሻል? ጃንሆይ ከ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ቤተ መንግሥት ነው። አሁን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለበት፤ የንጉሡ መኝታና መታጠቢያ ክፍል ዛሬም ይጎበኛል። እዚያው ሐረርም የራስ ተፈሪ ቤት የሸሪፍ ሙዚየም ሆኗል። ግን ሁለቱም ጋ ማታ የሚታጠብ እንግዳ የለም፤ ያንቺው ይከብዳል። ደግሞ ጁገል ከ1998 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ግቢውን ሳትቆፍሪ ቅርስ ቢሮ ጎራ በይ።

ቡና ጠጪ፦
ጊድር ጋሩ ውስጥ አልጋ አታስገቢ። ቁርስና ቡና ነደባው ላይ፣ መኝታው ፎቁ ላይ ይሁን። እኔ ሐረር የሄድኩት ለነደባው እንጂ ለፍራሽ አይደለም 😀

የጁገል ልጅ፦
ኮንትራክተሩን ሸኘሁት። እናቴ ሙሽራ ሆና የከረመችው እዚያ ኪርታት ውስጥ ነው ለካ። የሻወሩን ነገር ስትሰማ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ኖራ መለሰን የሚችል ሰው የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።