የጋራ ስምምነታችን ረቂቅ፦ አንቀጽ 3 ላይ እንነጋገር

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የአከራዮች ማኅበራችን የጋራ ስምምነት የመጀመሪያ ረቂቅ ደርሷል። አንቀጽ 1 እና 2 ስለ ዓላማና ስለ አባልነት ነው፤ እነሱ ብዙም አያጨቃጭቁንም። ጣጣው ያለው አንቀጽ 3 ላይ ነው። አሁን እንዲህ ይላል፦ «እያንዳንዱ አባል ከተከራይ የሦስት ወር መያዣ ይቀበላል። ኪራይ ሳይከፍል የወጣ ተከራይ ስም ለአባላት ሁሉ ይተላለፋል።» ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ይህንን ስለሆነ ጻፍኩት እንጂ እኔ ብዙም አላመንኩበትም። እስቲ ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

ባለ ሦስት ቤት፦
እኔ እንዲያውም ሦስት ወር ያንሳል ባይ ነኝ። ባለፈው ዓመት አንዱ የአራት ወር ኪራይ በልቶብኝ ሌሊት ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ቁልፉን ግን በሩ ላይ ሰክቶልኝ ነው የሄደው፤ ጨዋ ነው መቼም። ስሙን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ በሬን አልከፍትለትም ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦
ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን መጀመሪያ ሂሳቡን እንየው። የወር ኪራይህን 100 በለው። በዓመት 1,200 ነው። ለባንክ ብድር በወር 65 ብትከፍል 780 ሄደ። ለጥገና፣ ለግብርና ለመድን 180 ጨምርበት። እጅህ ላይ የሚቀረው 240 ነው። አሁን ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ቢቀመጥ 200 ታጣለህ። ከኪራዩ ስታየው አንድ ስድስተኛ ነው። ከትርፍህ ስታየው ግን ከመቶ 83 እጁ ነው። ሁላችንም የምንፈራው የማይከፍል ተከራይ ነው፤ ባዶ ቤትም ያው አይከፍልም።

እና ወደ መያዣው ስመጣ፣ ሦስት ወር አምጣ ስትል ጥሩ ተከራይም ይሸሻል። ያንን የሚችል ሰው እስኪመጣ ቤቱ አንድ ወር ቢጾም፣ ሊመጣም ላይመጣም የሚችል ኪሳራ ፈርተህ እርግጠኛውን 100 ከሰርክ ማለት ነው። ደግሞ መያዣ የእኛ ገንዘብ አይደለም። ወጪ አድርገውት ተከራዩ ሲለቅ ብድር የሚዞሩ አሉ። እዚህም ሳይኖሩ አይቀሩም፤ ስም አልጠራም።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
ልጆቼ፣ የእኔን ትልቁን ኪሳራ ልንገራችሁ። ያደረሰብኝ ደግሞ በየወሩ በቀኑ የሚከፍል ተከራይ ነው። ወጥ ቤት፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ልጁ ሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጦ በየማታው ይደፋል። በስምንተኛው ወር ስገባ የቁም ሳጥኑ ወለል አብጦ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ስጫነው ጣቴ ገባ። ከጀርባው ያለው ግድግዳ እስከ ጉልበቴ ድረስ ጠቁሯል። «ለምን አልነገርከኝም?» ብለው «ከመያዣዬ ይቆርጡብኛል ብዬ ፈራሁ» አለኝ። አንዲት የጎማ ቀለበት የምትጨርሰው ነገር ግድግዳና ወለል አስፈረሰኝ።

ስለዚህ ረቂቁ ላይ ይጻፍልኝ፦ ብልሽት ቶሎ የተናገረ ተከራይ፣ እሱ ያላበላሸውን አይቆረጥበትም። በስድስት ወር አንዴ ቀን ተነጋግሮ ቤቱን ማየትም ይግባ። ርክክብ ላይ ደግሞ ፎቶ ይነሣ፤ ቆጣሪው ጭምር። የቆጣሪ ንባብ ሳይመዘገብ ተረክበን የሰው ውዝፍ የመብራት ሂሳብ ስንት ጊዜ ከፈልን?

አዲስ አባል፦
እትዬ ትክክል ነዎት። እኔ መድን ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ራሳችን ስንኖርበት የገባነው የቤት መድን፣ ቤቱ ሲከራይ እንደነበረ ላይቀጥል ይችላል። ለድርጅቱ ሳናሳውቅ ቆይተን ጉዳት ቢደርስ ካሳው ሊከለከል ይችላል። ብዙ ውሎች ላይ ደግሞ ቤቱ 30 ወይም 60 ቀን በተከታታይ ባዶ ከሆነ አንዳንድ ጉዳት አይሸፈንም የሚል አንቀጽ አለ። ውሉን አውጥታችሁ አንብቡት። እኔ ያነበብኩት ከተከራየ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው 😅

ጸሐፊ፦
ስም ማስተላለፉን እኔ ላውጣው ነው የምለው። በብዙ ቦታ የሰውን የግል መረጃ እንዲህ መበተን በሕግ ያስጠይቃል። ስሙ በስህተት የገባ ሰው ቢከሰን ኪሳራው የማኅበሩ ነው። ደግሞ ባለ ሦስት ቤት፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰውዬው መክፈል ያቆመው ድንገት ነው?

ባለ ሦስት ቤት፦
እውነቱን ልናገር? አይደለም። መጀመሪያ አሥር ቀን አዘገየ። ቀጥሎ ግማሹን ሰጠኝ። ዝም አልኩ። ይሉኝታ ነው የበላኝ። አፍ አውጥቼ ስጠይቀው ሦስተኛው ወር አልቋል።

ገንዘብ ያዥ፦
እንግዲያው አንቀጹ ይህን ይያዝ፦ በ5ኛው ቀን ስልክ፣ በ10ኛው ቀን የጽሑፍ ማስታወሻ፣ በ15ኛው ቀን ቁጭ ብሎ ውዝፉ በስንት ጊዜ እንደሚከፈል መፈራረም። የአንድ ወር ውዝፍ ይከፈላል። የአራት ወር ግን ሰውየውንም ያሸሸዋል።

ከዚያ የጋራ መጠባበቂያ። የወር ኪራዩን ያው 100 ብለን፣ ከየቤቱ በወር ከኪራዩ 2 በመቶ ብናዋጣ፣ በ30 ቤት በዓመት 720 ይሆናል። የሰባት ወር ኪራይ መሆኑ ነው። ኪራዩ ለተቋረጠበት አንድ ቤት ግማሽ ኪራይ፣ ቢበዛ ለሁለት ወር ብንከፍል ሰባት ቤት እንደግፋለን። ሙሉውን ከከፈልን ግን ማንም ተከራዩን አይከታተልም፤ ፈንዱ አለ ብሎ ይተኛል። ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ብዙ ተከራይ በአንዴ ገቢው ተቋረጠ፤ በብዙ አገሮችም ተከራይ ማስወጣት ለጊዜው ታግዶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ ይህ ፈንድ አይችለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል የራሱን የሦስት ወር የብድር ክፍያ ለብቻው ያስቀምጥ።

አዲስ አባል፦
ሦስት ወር ለእኔ ከባድ ነው። ገና ብድሩን መክፈል ጀመርኩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ቢባልስ?

ጸሐፊ፦
ያስኬዳል። አንቀጽ 3ን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ መያዣው አንድ ወር፣ ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ የሚቀመጥ፤ ርክክብ በፎቶና በቆጣሪ ንባብ፤ የ5፣ የ10 እና የ15 ቀን አካሄድ፤ 2 በመቶ መዋጮ፤ የግል መጠባበቂያ በ12 ወር የሚሟላ። የስም ዝርዝሩ ወጥቷል። አምስት ቤት ያለውና አንድ ቤት ያለው እኩል ድምፅ ይኑራቸው ወይ የሚለው ገና አልተቆረጠም፤ እሱን እስከ ሐሙስ ጻፉልኝ።

ባለ ሦስት ቤት፦
እኩል ይሁን፣ እኔ ቅር አይለኝም። አሁን ግን ልሂድ፣ ስልክ ልደውል ነው። የሁለተኛው ቤት ኪራይ ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው።