የሻወር ቤቴ ኮርኒስ ያንጠባጥባል፤ ባለቤቱ «ክረምት ስለሆነ ነው» ይላሉ

የሰሚቷ፦

ሰላም ናችሁ? ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ይረዝማል።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ባለቤቴ ሥራው ክፍለ ሀገር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ዓመት ልጄ ጋር ብቻችንን ነን። ለገና ሰሞን ስንገባ ቤቱ አዲስ ቀለም ይሸት ነበር። ለእኛ ክብር የተቀባ መስሎኝ ነበር። ለፋሲካ ከመቀመጫው በላይ ያለው ጥግ ማበጥ ጀመረ። አሁን ቀለሙ እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዙ እየተጠቀለለ ይረግፋል። ከበሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቷል። ፎጣ ሰቅዬ ካደርኩ ጠዋት የሻጋታ ሽታ አለው። ልጄ ሌሊት ሌሊት ታስላለች፤ ጤና ጣቢያ ስወስዳት ገና ከመቀመጤ «ቤታችሁ እርጥበት አለው ወይ?» ነው ያሉኝ።

አከራያችን ጋሼ ጡረታ የወጡ፣ ሌላ ሰፈር የሚኖሩ ሰው ናቸው። ክፉ አይደሉም። ስደውልላቸው «የኔ ልጅ፣ ክረምት ስለሆነ ነው፣ መስኮት ክፈቺ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ከእኔ በላይ እኮ ሁለት ፎቅ አለ። ዝናቡ እነሱን ዘሎ እንዴት እኔ ጋ ይመጣል?» አልኳቸው። ሳቁ። ሰው እልካለሁ አሉ፤ ላኩም። ሰውዬው አንድ ጣሳ ቀለምና ብሩሽ ይዞ መጣ። እርጥቡ ላይ ቀባብቶት ሄደ። ወዲያው ተመልሶ አበጠ።

ከዚያ በኋላ መንከራተት ሆነ። ጋሼ «ከላይኛዋ ነው፣ እሷን አናግሪ» ይላሉ። የላይኛዋ «የእኔ ቤት ደረቅ ነው፣ አምና ነው ሴራሚክ ያስነጠፍኩት፤ ኮሚቴውን ጠይቂ» ትላለች። ኮሚቴው ደግሞ «አንቺ ተከራይ ነሽ፣ ባለቤቱ ይምጣ»። ባለፈው ስደውል ጋሼም ሰለቻቸው መሰለኝ፣ «ካልተመቸሽ ልቀቂ፣ ቤት ፈላጊ ሞልቷል» አሉኝ።

ውላችን በጽሑፍ ነው፣ ወረዳ ተመዝግቧል፣ የሁለት ዓመት ነው። ጥያቄዬ፦ ራሴ አሠርቼ ከኪራይ ብቀንስ ያስኬዳል? ደግሞስ ውሃው ከየት እንደሚመጣ በምን ይታወቃል? ሁሉም ሌላውን እየጠቆመ መሃል ላይ የምንረጥበው እኛ ነን።


ተከራይ ነኝ፦

ኪራዩን ያዥባቸው! ሁለት ወር ሳይከፈላቸው ሲቀር ራሳቸው መዶሻ ይዘው ይመጣሉ።


ውል አንብቡ፦

እባክሽ ይህን ምክር አትስሚ። ኪራይ አለመክፈል ራሱ ውል ለማፍረስ ምክንያት ይሆናል። አሁን ጥፋቱ የእሳቸው ነው፤ በገዛ እጅሽ ወደ አንቺ አታዙሪው። በወቅቱ ክፈይ፣ በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈይ፣ ደረሰኙን አስቀምጪ። በእጅ የተሰጠ ብር ምስክር የለውም፤ የቤት ኪራይ አዋጁም ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ነው የሚለው።

«ልቀቂ» ላሉሽ አትደንግጪ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ዘመን ከ2 ዓመት አያንስም። ጥገና ስለጠየቀች ብሎ በስልክ የሚያስወጣ ሕግ የለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም አከራዩ ቤቱን በኪራዩ ዘመን ሁሉ በደህና ሁኔታ የመጠበቅ ግዴታ አለበት ይላል። ጥቃቅኑ የተከራይ ነው። የበር እጀታ ቢነቀል ወይም የቧንቧ ጎማ ቢያልቅ ጋሼ ጋ አትደውይም። ከሌላ ሰው ቤት የሚወርድ ውሃ ግን ጥቃቅን አይባልም።

በራስሽ አሠርተሽ መቀነሱንም ያለ ጽሑፍ ስምምነት አትሞክሪው። መጀመሪያ የስልክ ወሬውን ወደ ጽሑፍ ቀይሪው። ክብራቸውን ጠብቀሽ፣ ለምሳሌ እንዲህ፦ «ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? ስለ ሻወር ቤቱ በስልክ እንደነገርኩዎት ውሃው አሁንም ይንጠባጠባል፤ የዛሬውን ፎቶ ልኬልዎታለሁ። የተቀባው ቀለም ተመልሶ ተነስቷል። ልጄንም እያሳላት ነው። በዚህ ሳምንት ባለሙያ ይዘው እንዲያዩት በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ቀኑ ራሱ ይመዘገባል። ዝም ካሉ ይህንን ይዘሽ ውሉ የተመዘገበበት ወረዳ ትሄጃለሽ። እዚያ ቁጭ ብለሽ ከምታስረጂው በላይ ይሄ ጽሑፍ ይናገርልሻል።


ሳኒተሪው፦

ሥራዬ ሳኒተሪ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብዙ ሻወር ቤት አፍርሼ ሠርቻለሁ። ማን ይክፈል የሚለው ጭቅጭቅ የማያልቀው ውሃው ከየት እንደመጣ ማንም ሳያረጋግጥ ስለሚጀመር ነው።

በመጀመሪያ ግን መብራቱን ተመልከቺ። ውሃው ከአምፖሉ አጠገብ ከሆነ ወይም መብራቱ የሚርገበገብ ከሆነ የዚያን ክፍል ብሬከር አውርጂ። ማሞቂያም ካለ አትጠቀሚ። ይሄ ለነገ አይባልም።

አሁን ወደ ውሃው። ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የራስሽ እንፋሎት ነው። በሙቅ ውሃ ትታጠቢያለሽ፣ መስኮቱ ጠባብ ነው፣ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል። ለማወቅ ግድግዳውን በጨርቅ አድርቂና ፌስታል ቀደሽ አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽገሽ ለጥፊበት። በማግስቱ ከፌስታሉ ፊት ላይ ብቻ ውሃ ካለ እንፋሎት ነው። ከፌስታሉ ጀርባ ካለ ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚወጣው። ከበሩ ጀርባ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ ምናልባት እንፋሎት ሊሆን ይችላል፤ ጋሼ መስኮት ክፈቺ ያሉት እሱ ላይ ልክ ናቸው። ኮርኒሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ንጹሕ ውሃ የሚያመጣው ቧንቧ ነው። እሱ ግፊት ስላለው ሰው ተጠቀመም አልተጠቀመም ያፈሳል። የላይኛዋ ቧንቧዎቿን ሁሉ ዘግታ ቆጣሪዋን ትይ። እየዞረ ከሆነ ተገኘ ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚጠፋበት ቀን ጠብታው ቆሞ ሲመጣ ከጀመረም ምልክት ነው፤ ሮቶ ካላት ግን ይሄኛው ያሳስትሻል።

ሦስተኛው ፍሳሽ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በብዛት ያየሁት ይሄንን ነው። «አምና ሴራሚክ አስነጠፍኩ» ያለችሽን ሳነብ ጆሮዬ ቆመ። ሴራሚክ የሚያነጥፉ ልጆች ወለሉን ከፍ ያደርጉታል። አዲሱን የወለል ሲፎን (ውሃው የሚወርድበትን ቀዳዳ) ከአሮጌው ቱቦ ጋር በደንብ ሳያገናኙ በሲሚንቶ ዙሪያውን ይሞሉትና ይሄዳሉ። ከላይ ሲታይ ቆንጆ ነው። ከሥር ግን ውሃው ግማሹ ወደ ቱቦው፣ ግማሹ ወደ ሶሌታው፣ ማለትም በሁለቱ ፎቆች መሃል ወዳለው ኮንክሪት ይሄዳል። የእሷ ቤት ደረቅ ነው ማለቷ ውሸት አይደለም እኮ። ውሃው የሚታየው ታች ነው።

ለመለየት የኬክ ቀለም ግዢ፤ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ። ቀይ ሥር የሚጠቀሙ አሉ፤ እኔ አልወደውም፣ ከዝገት ጋር ይምታታል። መጀመሪያ የወለሉን ሲፎን በጨርቅና በፌስታል ወትፋችሁ ወለሉ ላይ ቀለም ያለው ውሃ አቁሙ። ከሥር ቀለሙ ከመጣ ችግሩ የሴራሚኩ መጋጠሚያና ወለሉ ነው። ካልመጣ ጨርቁን አንሱና በሌላ ቀን፣ ሌላ ቀለም በቀጥታ ሲፎኑ ውስጥ ድፉ። ያኔ ከመጣ የቱቦው መገጣጠሚያ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን አታድርጉ፣ አይለይም።

ሻጋታውን በበረኪና መጥረግ ይቻላል፤ መስኮት ከፍተሽ፣ ልጅቷን አርቀሽ። ሽንት ቤት የሚታጠብበትን አሲድ ግን አብረሽ እንዳትጠቀሚ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።


የቀድሞ ጸሐፊ፦

የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ኮሚቴው ያለሽ ነገር ግማሽ እውነት አለው። በኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ አባል ባለቤቱ ነው፣ ተከራይ አይደለም። ስለዚህ ማመልከቻው በጋሼ ስም ይግባ። አንቺ ጽፈሽላቸው እሳቸው ይፈርሙ፤ ለጡረተኛ ሰው ደብዳቤ ይዞ መመላለስ ቀላል አይደለም።

ከላይ እስከ ታች የሚወርደው ዋናው የፍሳሽ ቱቦ ከሆነ የጋራ ነው፣ ማኅበሩ ነው የሚያሠራው። ከእሷ ሲፎን እስከ ዋናው ቱቦ ያለው ከሆነ የእሷ ነው። እኛ ጋ እንዲህ ነበር የምንለየው። ኮሚቴ ደግሞ በባዶ ወሬ አይነሳም፤ የቀለሙን ፎቶ ስታሳዩት ግን ይነሳል።


የሰሚቷ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። መልእክቱን ቃል በቃል ላክሁላቸው። ጋሼ በማግስቱ ደወሉ፣ ድምፃቸውም ለስልሷል። «ልጅቷን ያስላታል ያልሽው እውነት ነው?» አሉኝ።

የላይኛዋን ደግሞ ቡና አፍልቼ ጠራኋት። እስከ ዛሬ በር ላይ ቆመን ነበር የምንነታረከው፤ ኮርኒሱን በዓይኗ አይታው አታውቅም። አንገቷን ቀና አድርጋ ስታይ ዝም አለች። ከዚያ ቀለሙን ራሷ ልድፋው አለች። ወለሉ ላይ ውሃ ያቆምን ቀን ምንም አልመጣም። በሌላው ቀን ሲፎኑ ውስጥ ሰማያዊ ደፋች፤ አመሻሹ ላይ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ጥግ ሰማያዊ ጠብታ ተንጠልጥላ አገኘኋት። ፎቶ አነሳሁ። ጋሼም መጥተው መነጽራቸውን አድርገው አዩ።

የራሷን ቱቦ ልታሠራ ተስማምታለች። ሴራሚክ ያነጠፈላትን ልጅ እየደወለች ነው፤ ስልኩ አይነሳም። አሁን የቀረው የእኔ ኮርኒስ ነው። ጋሼ «ጉዳቱን ያደረሰችው እሷ ናት፣ እሷ ትቀባው» ይላሉ፤ እሷ ደግሞ የሴራሚኩ ወጪ ብቻውን ይበቃኛል ትላለች። ምን ልበል?


ውል አንብቡ፦

እዚያ ውስጥ አትግቢ። የአንቺ ውል ከጋሼ ጋር ነው፤ ኮርኒሱን አሠርተው ለአንቺ ማስረከብ የእሳቸው ግዴታ ነው። ከዚያ ወጪውን ከእሷ ይጠይቁ አይጠይቁ የሁለቱ ባለቤቶች ጉዳይ ነው። አሁንም በጽሑፍ፦ «ከላይ ያለው ሥራ ሲያልቅ ኮርኒሱ የሚታደስበትን ቀን ቢያሳውቁኝ»።


ሳኒተሪው፦

ሁለት ነገር ልጨምር። ላይ ሲሠራ ሲፎኑ ከቱቦው ጋር ከተገናኘ በኋላ ሴራሚኩን ወዲያው እንዳይለጥፉት። ውሃ ያውርዱበትና አንድ ቀን ይደር፤ ያኔ አንቺ ከታች ሆነሽ ታያለሽ። ከተለጠፈ በኋላ ማፍረስ ወጪው እጥፍ ነው።

ያንቺ ኮርኒስ ደግሞ ያበጠው ልስን መጀመሪያ ይራገፍ። ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ካለ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፣ በውሃ አይታጠብ። ከዚያ እስኪደርቅ ይጠበቅ፤ በዚህ ክረምት ሳምንታት ይወስዳል፣ አትቸኩሉ። ፌስታሉን እንደገና ለጥፊና ጀርባው ደረቅ ሆኖ ካደረ ልስኑም ቀለሙም ይቀጥላል። ቀለም ሲገዙ ሻጋታ የሚከላከለውን ዓይነት ይጠይቁ። የሲፎኑን ፎቶ ሳይሸፈን አንሺና እዚህ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።