የኤችአይቪ ምርመራው ነጻ ሆኖ ጭንቀቱ ያልለቀቀውን ወንድሜን እንዴት ልርዳው?

ጥያቄ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ካደረገ አምስት ወር ሊሞላው ነው። ሦስት ወር ካለፈው በኋላ ጤና ጣቢያ ተመርምሮ ነጻ ነህ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሌላ አጋጣሚ የለም፤ መከላከያ መድኃኒትም አልወሰደም። ግን ልቡ አላረፈም፣ በየክሊኒኩ እየዞረ ይመረመራል። ሌሊት ያልበዋል፣ ምላሱ ነጭ ሆኗል፣ አንገቱ ላይ ንፍፊት አገኘሁ ይላል። ቀኑን ሙሉ «እርግጠኛ ነሽ?» እያለ ይጠይቀኛል። አዎ ስለው ይረጋጋና ብዙም ሳይቆይ ይመለስበታል። ምን ላድርግ?

መልስ (የላብራቶሪ ባለሙያ)
እህቴ፣ የምርመራው ጉዳይ አልቋል። ጣት ተወግቶ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ በአብዛኛው ሰው ደም ውስጥ ከ3 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል። ሦስት ወር ጠብቁ የሚባለውም ለዘገየው ሰው ጭምር እንዲበቃ ነው። ጉንፋን፣ ምግብ፣ ጫት ነጻ የሆነውን ውጤት አይለውጡም።

ደጋግሞ መመርመር ግን የራሱ ጣጣ አለው። ማንኛውም መመርመሪያ አልፎ አልፎ ጤነኛውን ሰው አለበት ብሎ ያሳያል፤ ለዚህ ነው አንድ መመርመሪያ ብቻውን አለበት የማያሰኘው፣ በሌሎች መመርመሪያዎች ይረጋገጣል። ያለ ምክንያት በተመረመረ ቁጥር እንዲህ ያለ ድንጋጤ የሚገጥመው ዕድል ይጨምራል። በድድ የሚደረገውን የራስ መመርመሪያ ገዝቶ ከሆነም ንባቡ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ከቅርጫት አንስቶ በማግስቱ ያየው ደብዛዛ መስመር ውጤት አይደለም።

መልስ (ነርስ፣ ሐረር)
ምልክቶቹን በተመለከተ፦ የመጀመሪያው የኤችአይቪ ሕመም ሲኖር ብዙውን ጊዜ ከተጋለጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ነው የሚመጣው። አምስተኛ ወር ላይ፣ ውጤቱ ነጻ ሆኖ፣ የድሬ ሙቀት ያመጣው ላብ ከዚያ ጋር አይገናኝም። አንገቱንም ጠይቂው፤ በቀን ስንት ጊዜ ይዳብሰዋል? በጣት ሲጨመቅ የዋለ እጢ ያምማል፣ ያመመው ደግሞ ያበጠ ይመስላል። ትኩሳት ካለው ግን አትናቁት። ድሬ ውስጥ በትንኝ የሚተላለፉት ወባና ደንጌ አሉ፣ በ2011 ክረምትም እንደነሱ በትንኝ የሚመጣው ቺኩንጉንያ ከተማውን አዳርሶ ነበር። ሄዶ ለትኩሳቱ ይታይ። እግረ መንገዱን ካላደረገ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ አንዴ ይመርመር፤ እነሱ ሲረሱ አያለሁ።

መልስ (የአእምሮ ጤና ባለሙያ)
አንቺ ስታረጋጊው ጭንቀቱን እየቀለብሽው ነው፤ በፍቅር የምታደርጊው ስለሆነ ማቆሙ ከባድ ነው። «አዎ ነጻ ነህ» ባልሽ ቁጥር የሚያገኘው እፎይታ አእምሮውን «ካልጠየቅሁ አላርፍም» እያለ ያስተምረዋል። ስልክ ላይ ምልክት መፈለጉ፣ ምላሱን በመስታወት ማየቱ፣ ምርመራውም ያው ናቸው።

ረጋ ባለበት ሰዓት፣ ሲጨነቅ ሳይሆን፣ አስቀምጠሽ ተስማሙ። የተጋለጠበትን ቀን፣ የተመረመረበትን ቀንና ውጤቱን በእጁ አንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ሲጠይቅሽ «የሚጠይቀኝ ጭንቀቱ ነው፣ ለእሱ አልመልስም፤ አንተ ግን ና አብረን ቡና እንጠጣ» በይው። ወረቀቱን እያወጣ ቀኑን ሙሉ የሚያነበው ከሆነ አንቺ ጋ ይቀመጥ። መስታወትና ስልኩን በአንዴ አታስጥዪው፤ ልይ ልይ ሲለው መጀመሪያ 15 ደቂቃ ያቆየው፣ ሲለምደው 30፣ ቀጥሎ አንድ ሰዓት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱ ይብሳል። ብዙ ቤተሰብ የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው፦ ሦስት ቀን እምቢ ብለው በአራተኛው ይመልሱለታል፣ ያኔ ልጁ የሚማረው በርትቶ ከጠየቀ እንደሚመለስለት ነው። እናትሽም ካወቁ፣ በአንድ ቃል ተነጋገሩ።

አንዳንዴ ከፍርሃቱ ሥር ጸጸት አለ። ሰውየው በሽታውን እንደ ቅጣት ይጠብቀዋል፤ ጸጸትን ደግሞ የደም ምርመራ አያነሳውም። እንደ እምነቱ ለንስሐ አባቱ ወይም ለሚያምነው ሼህ ቢያወጣው ከክሊኒክ መዞር ይሻለዋል።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጸጸቱ እውነት ነው። አንድ ያልነገርኳችሁ፣ ማታ ማታ ከበርጫ ሲመለስ ነው የሚብስበት። የሚያስተኛ ክኒን ከፋርማሲ ግዢልኝ ይላል።

መልስ (ፋርማሲስት)
ክኒኑን እንዳትገዢ! ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ አፍ ያደርቃል፤ የምላሱ ንጣትም አንዱ ምክንያት ይሄው ሊሆን ይችላል። ምርቃናው ሲወርድ መከፋትና ዱካክ ይከተላል። ጨብሲ ብሎ አልኮል ከጠጣ በኋላ ዲያዜፓም የመሰለ የሚያስተኛ ክኒን ቢውጥ ትንፋሹን ሊያዳክምበት ይችላል፣ ክኒኑም ሱስ ያሲዛል። ጫቱን በየቀኑ የሚቅም ከሆነ መጠኑን እየቀነሰ፣ ሰዓቱንም ወደ ቀን እየሳበ ይምጣ፤ ሲያቆም ለጥቂት ቀናት መፍዘዝና ቅዠት ይኖራል፣ ያ ግን የኤችአይቪ ምልክት አይደለም።

በዚህ መንገድ ሁለት ሦስት ሳምንት ሞክሮ ካልተሻለው ወይም ሥራ ካስፈታው ድል ጮራ ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ፣ ሐረር ያላችሁም ሕይወት ፋና። ሐኪሙ ለጭንቀት የሚሰጠውን ፍሉኦክሰቲን ካዘዘለት የሚወሰደው ብዙውን ጊዜ ጠዋት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ቅብጥብጥ ሊያደርገው ይችላል፤ እንዲህ ላለው ተመላላሽ ሐሳብ ሙሉ ለውጡ እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል በወሩ አልሠራልኝም ብሎ እንዳያቆመው። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከሰማሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ብቻውን ሳትተዪው በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል አድርሺው።