የማጃሮች አመጣጥ፦ የቋንቋ ጥናቱን ልመን ወይስ የአጥንቱን?

ጠያቂ፦ ለሴሚናር ስለ ሀንጋሪዎች (ማጃሮች) አመጣጥ እያነበብኩ ነው። የቆዩት መጻሕፍት ቋንቋቸው ከኡራል ተራሮች ማዶ፣ ሩሲያ ውስጥ ካሉት ከማንሲና ከሀንቲ ሕዝቦች ቋንቋ ጋር ይዛመዳል ብለው ይዘጉታል። አዳዲሶቹ ግን የጥንቶቹን ዘላን ፈረሰኞች፣ ሁኖችን ያመጣሉ። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ሁለቱንም ያዝ ወንድሜ፣ ግን አታደባልቃቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የጥንት ዲኤንኤ ጥናት በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ካርፓቲያን ተፋሰስ (የዛሬዋ ሀንጋሪ ወዳለችበት ሜዳ) የገቡት ማጃር ድል አድራጊዎች ከማንሲዎች ጋር የጋራ ቅድመ አያት እንዳላቸው፣ በኋላም ከሳርማትያውያን (ሌላ ጥንታዊ ዘላን ሕዝብ) እና ከሁኖች ዝርያዎች ጋር እንደተቀላቀሉ ይላል። የቋንቋ ሊቃውንቱን የት ላይ አፈረሰ?

እኔን የሚስበኝ የሀንጋሪው ንጉሥ የቤላ 3ኛ ጉዳይ ነው። በ1196 ሞቶ ሴኬሽፌሄርቫር ተቀበረ። መቃብሩ የተገኘው በ1848 ነው፣ ያውም አገሪቱ በጦርነት ስትናጥ። አጽሙ አሁን ቡዳፔስት፣ ማትያስ ቤተ ክርስቲያን አርፏል። በአባት በኩል ያለው የዘር ሐረጉ ሲመረመር በኡራል አካባቢ ከሚኖሩት ከባሽኪሮች ጋር ተቀራረበ። ይህን ይዞ «ሕዝቡ በሙሉ ከዚያ መጣ» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። የተመረመረው የአርፓድ ቤት፣ ማለትም የቤላ ንጉሣዊ ዘር፣ እንጂ ገበሬው አይደለም!

ሌላ አንባቢ፦ የዛሬዎቹ ሀንጋሪዎችስ?

መልስ፦ በዘረመል ከጎረቤቶቻቸው ብዙም አይለዩም፤ የምሥራቁ ድርሻ ትንሽ ነው። ድል አድራጊዎቹ ከነባሩ ሕዝብ ጋር ተዋሕደዋል፤ ቋንቋቸው ግን ጸንቶ ቀረ። ለሴሚናሩ እኔ ብሆን ጥያቄዬን እዚህ ላይ አደርግ ነበር፤ ስለ ሁኖቹ ሁሉም ያወራል።