ክርናቸውን ወደ ካሜራው ሲያጥፉ አንግሉ ይዛባል

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ለ7ኛ ክፍል አንግል የማስተምረው በክንድ ነው፦ ተማሪው ክርኑን ያጥፋል፣ ላፕቶፑ በካሜራው አይቶ ዲግሪውን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ያሳያል። ፕሮግራሙ በፓይተንና በሚዲያፓይፕ (ከምስል ላይ የሰውነት መገጣጠሚያ ነጥቦችን የሚለይ መሣሪያ) የተሠራ ነው፤ ትከሻ (11)፣ ክርን (13) እና የእጅ አንጓ (15) የሚባሉትን ነጥቦች ይወስዳል።

መጀመሪያ ላይ ከአግድም 45 ዲግሪ የተነሳ ክንድ 53 ይል ነበር። ነጥቦቹ የሚመጡት ከ0 እስከ 1 ተመጥነው ስለሆነ፣ ኤክሱን በምስሉ ስፋት 640፣ ዋዩን በቁመቱ 480 ፒክስል ሳባዛው ተስተካከለ። ዝናብ ሲያጠላና ክፍሉ ሲጨልም ቁጥሩ ይዘል ነበር፤ የ5 ፍሬም አማካይ ወስጄ አረጋጋሁት።

የቀረው ይሄ ነው፦ ተማሪው ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ ክርኑን ወደ ካሜራው ሲያጥፍ፣ በትልቁ የእንጨት ፕሮትራክተር 120 የሆነው ስክሪኑ ላይ 180 አካባቢ ይላል። ካሜራው ጥላውን ብቻ ነው የሚያየው፣ ይገባኛል። የጥልቀቱን ዜድ ጨምሬ ባሰላም እጁ ሳይንቀሳቀስ ቁጥሩ ይዋልላል። ጀርባቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ሞክሬያለሁ፤ ትከሻው ይያዛል፣ ክርኑ ግን አሁንም ወደ ፊት ይመጣል።

ሁለተኛ ካሜራ ሳልጨምር፣ ክንዱ ከግድግዳው ትይዩ መውጣቱን ፕሮግራሙ በምን ለይቶ ልኬቱን ውድቅ ያድርግ?