የጉድጓድ ፓምፓችን ያጉረመርማል እንጂ ውሃ አይሰጥም፤ ከማውጣታችን በፊት ምን እንመርምር?

ጥያቄ

ቤታችን ውሃ የሚያገኘው 60 ሜትር ጥልቀት ካለው ጉድጓድ በሰርጓጅ ፓምፕ ነው። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ከቧንቧው ጠብታ እንኳ አልወጣም፤ የግፊት ጌጁም ዜሮ ላይ ቆሟል። ብሬከሩ አልወረደም። ፓምፑን ለማስነሣት ስንሞክር ግድግዳው ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ሳጥን ለጥቂት ሰከንዶች እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርምና ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ከሁለት ሳምንት በፊት ውሃው አንድ ቀን ብቻ አየር እየተቀላቀለበት ሲንፈቀፈቅ ዋለ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ አንድ ብርጭቆ በቀዳን ቁጥር ፓምፑ ይነሣና ወዲያው ይጠፋ ነበር። ፓምፑን ማውጣት ብዙ ጉልበትና ወጪ እንደሚጠይቅ ስለማውቅ፣ ከላይ ሆኖ ሊመረመር የሚችል ነገር ካለ አስቀድሜ ማየት እፈልጋለሁ። ሕፃናት ስላሉን ጉዳዩ አስጨንቆኛል።

መልስ 1

ማጉረምረሙ ብዙ ነገር ይነግረናል። ጨርሶ ድምፅ ባይኖር ኖሮ፣ የፕሬዠር ስዊቹ (የውሃው ግፊት ሲወርድ ፓምፑን የሚያስነሣው፣ ሲሞላ የሚያጠፋው ማብሪያ) ኮንታክቶች ጠቁረው እንደሆነ፣ ከሥሩ ያለችው ቀጭን ቱቦም በዝገት ተደፍና እንደሆነ እንዲያዩ እመክርዎት ነበር። አሁን ግን ኤሌክትሪኩ ሳጥኑን አልፎ እየሄደ፣ ሞተሩ ለመነሣት እየታገለ ያቃተው ይመስለኛል። ለዚህ የተለመዱት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፦ የማስነሻ ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ሞተሩ ሲነሣ የመጀመሪያውን ግፊት የሚሰጠው ዕቃ) ሞቷል፣ ወይም ፓምፑን አሸዋ ይዞታል። ካፓሲተሩ ከላይ በሳጥኑ ውስጥ ስለሆነ ከእሱ ይጀምሩ።

እስከዚያው እባክዎ ደጋግመው አያስነሡት። ሞተር ሳይዞር ኤሌክትሪክ ሲገባበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ አምፔር ስለሚስብ፣ በእያንዳንዱ ሙከራ የሞተሩ የሽቦ መጠምጠሚያ የመቃጠል አደጋ ይደርስበታል። ብሬከሩን አጥፍተው፣ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጠው ሳጥኑን ይክፈቱት፤ ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ከጠፋም በኋላ ቻርጅ ይዞ ስለሚቆይ በእጅዎ አይንኩት። ልምዱ ከሌለዎት ይህን ሥራ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይተዉት። ካፓሲተሩ ያበጠ ወይም ቅባት ያፈሰሰ ከሆነ መሞቱ ግልጽ ነው፤ ደህና ቢመስልም ግን ተለክቶ በላዩ ከተጻፈው ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ) ጋር መነጻጸር አለበት። የሚተካው ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ ደግሞ ከድሮው የማያንስ ይሁን።

ከተተካ በኋላ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ በሚለካ መሣሪያ) አምፔሩን ያስለኩ። አሁንም ከፍተኛ አምፔር እየሳበ የማይዞር ከሆነ የያዘው ነገር አለ፤ ዞሮ አምፔሩ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው እጅግ ካነሰና ውሃ ካልመጣ ግን ውሃው ከፓምፑ በታች ወርዶ ወይም ሞተሩን ከፓምፑ ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።

መልስ 2

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ሆኖም ካፓሲተሩ ሞቶ ከተገኘ የገደለውን ነገር ሳይፈልጉ አይቁሙ። እኔ የምጠረጥረው የግፊት ታንኩን ነው፤ ይህ በታመቀ አየር ውሃውን በግፊት የሚያቆየው ታንክ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ቀንሶ ቢሆን ኖሮ አየሩ ብዙ ውሃ በቀዳችሁ ቁጥር ይመለስ ነበር እንጂ አንድ ቀን ታይቶ አይጠፋም። በታንኩ ውስጥ ያለው የጎማ ከረጢት ሲቀደድ ግን የታመቀው አየር በቧንቧው ወጥቶ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ግፊቱን የሚያቆይ አየር ስለማይኖር ፓምፑ በየብርጭቆው ይነሣል። የማስነሻ ካፓሲተር ደግሞ ለአፍታ ብቻ እንዲሠራ የተበጀ በመሆኑ፣ በየደቂቃው ሲነሣ ይግላል፣ ያብጣል።

ምርመራው ቀላል ነው። በታንኩ ላይ ያለችውን እንደ መኪና ጎማ ያለች የአየር ቫልቭ በሹል ነገር ጫን ይበሏት፤ በአየር ፈንታ ውሃ ከወጣ ከረጢቱ ተቀድዷል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለሙያው ሳጥኑን ሲከፍት የካፓሲተሩ አናት ጉብ ብሎ አብጦ፣ በጎኑም ቡናማ ቅባት አውርዶ ነበር። አዲስ ሲገባለት ፓምፑ ወዲያው ተነሣ፤ አምፔሩም በሰሌዳው ከተጻፈው አልበለጠም። የታንኩን ቫልቭ ስጫን ግን ዝገት የቀላቀለ ውሃ እጅጌዬ ላይ ተረጨ። አዲስ ታንክ እስክናገኝ ፓምፑን መጠቀም እንችላለን? ስዊቻችን 30/50 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚል ነው፤ ማለትም ፓምፑን በ30 ያስነሣል፣ በ50 ያጠፋል።

መልስ 2

ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ፓምፑ በየደቂቃው እንዳይነሣ ተጠንቀቁ። ቧንቧውን በደንብ ከፍታችሁ የቀኑን ውሃ በአንድ ጊዜ በዕቃ ሙሉ፤ ከዚያ ብሬከሩን አጥፉት። አዲሱ ታንክ ፓምፑ በተነሣ ቁጥር ቢያንስ 1 ደቂቃ እንዲሠራ የሚያስችል መጠን ያለው ይሁን። የታንኩ የአየር ግፊት ስዊቹ ፓምፑን ከሚያስነሣበት ግፊት በ2 ፒኤስአይ ማነስ ስላለበት ለእናንተ 28 ነው። ይህንንም የምትለኩት ፓምፑ ጠፍቶ ታንኩ ከውሃ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው፤ ውሃ እያለበት ከለካችሁ ጌጁ የሚያሳየው የውሃውን ግፊት ነው።