ልጄ በሰኔ 12ኛ ክፍልን ይጨርሳል፤ ከዚያስ?

የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ልጄ 18 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። አማርኛ ይሰማል፤ የሚመልሰው በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም ደስ ካለው።

በሰኔ የሚሰጡት አፕላይድ ስተዲስ የሚባለውን፣ የመደበኛውን መስፈርት ላላሟሉ የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች የሚሰጠውን ዲፕሎማ ነው። መደበኛውን ቢወስድ ኖሮ የትምህርት ቤቱ አገልግሎት እዚያው ያበቃ ነበር። በዚህኛው ግን እስከ 22 ዓመቱ ገደማ መቀጠል ይችላል። ይህን ለማወቅ ሦስት ስብሰባ ፈጅቶብኛል።

አይኢፒው (ትምህርት ቤቱ ለልጄ ለብቻው የሚያወጣው የልዩ ትምህርት ዕቅድ) ላይ "የሥራ ክህሎት ይለማመዳል" ተብሎ ተጽፏል። ልምምዱ ታዲያ የካፊቴሪያ ፎጣ ማጠፍ ሆነ። ዓመቱን ሙሉ! እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘመዳችን ሱቅ ወሰድኩት። የበርበሬና የሽሮውን ፓኬት ጽሑፉን ወደ ፊት አዙሮ፣ ቀኑን እያየ፣ አንድም ሳይስት ደረደረ። እንጀራ መጥቶ ሰው ሲንጫጫ ግን ጆሮውን ይዞ መኪና ውስጥ ገባ። አሠልጣኝ አብሮት ቢቆም ይለምደዋል ባይ ነኝ። ለትምህርት ቤቱ ስነግር "እናየዋለን" አሉኝ። ቀጣዩ ስብሰባ ግንቦት ላይ ነው።

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ውጭ፣ እውነተኛ ሥራ ቦታ፣ ከአሠልጣኝ ጋር እንዲለማመድ ያስደረጋችሁ ወላጆች፣ አይኢፒው ላይ በትክክል ምን ብላችሁ አስጻፋችሁ?